አቶ አየነው ያልሰሙት ካሜራ

ታኅሣሥ 24 ቀን 2010፣ ማክሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ ጉርድ ፎቶ። አሥራ ሰባት ተማሪ፣ መታወቂያ የጠፋባቸው ሁለት ሴቶች፣ አንድ ጡረተኛ ወታደር። ወታደሩ ፈገግ ልበል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለጡረታ ደብተር ፈገግ ይባላል እንዴ? እንደፈለጉ አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ደስ ሲሉ።

ከሰዓት ደርበው ከባሕር ዳር ገባ። አዲሱ ካሜራ መጣ። አምስት ዓመት እኔ ፎቶ፣ እሱ ቪዲዮ እያልን በዚህች ፎቶ ቤት ስንሠራ እንደ ዛሬ ሲቸኩል አይቼው አላውቅም። ካፖርቱን ሳያወልቅ ካርቶኑን ከፈተ።

ትንሽ ናት። የድሮውን የለመደ እጄ የሚይዘው አጣ። ሚረርለስ ይሏታል፤ ውስጧ መስታወት የለም። የድሮው ላይ ቁልፉን ስጫን መስታወቱ ብድግ ይልና ቀጭ ይላል። ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ ስምንት ዓመት እንጀራዬ ነው። የዚችኛዋን ድምፅ ግን ማጥፋት ይቻላል አለኝ። አጠፋሁት። ወደ እሱ አዙሬ ተጫንኩ። ምንም።

አነሳች እንዴ? ከፍቼ አየሁ… ደርበው በግማሽ አፉ እየሳቀ ቆሟል። አንስታለች።


ታኅሣሥ 28፣ ቅዳሜ

ነገ ገና ነው። መንገዱ በግ ብቻ። ፎቶ ቤት የሚገባ የለም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እሷን ስለማመድ ዋልኩ።

የሚገርመው ዓይኔን የማስጠጋባት ቀዳዳዋ ነው። በድሮው ቀዳዳ የማየው ሰውየውን ራሱን ነበር። በዚህች የማየው ፎቶውን ነው፤ ገና ሳላነሳው። ብርሃን ቢበዛ ቀድሞ ይታየኛል። ቢጨልም ይታየኛል። የሰው ዓይን ራሷ ፈልጋ ትይዛለች፤ ሰውየው ቢንቀሳቀስ ትከተለዋለች። ድሮ አንስቼ፣ አይቼ፣ ይቅርታ ጠይቄ እደግም ነበር።

ባትሪዋ ግን ቶሎ ያልቃል። ሦስት ይዞ መሄድ ነው።

እና አንድ የከነከነኝ ነገር… ሰውን ሳይሆን ፎቶውን እያየሁ ከሆነ፣ ሰውየውን ማን ያየዋል?


ጥር 12፣ ቅዳሜ

የዲያቆን ይኸነው ተክሊል ነበር ዛሬ። አምና እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሳደርግ ቄሱ ዞረው በሰው ሁሉ ፊት እሱን ነገር ይዘሽ ውጪ ብለውኛል። እስኪያልቅ ደጅ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ፊቴ ሲነድ ትዝ ይለኛል።

ዛሬ ድምፁን አጥፍቼ ገባሁ። ዐምዱን ተጠግቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነሳሁ። ማንም አልዞረም። ሲያልቅ እኚያው ቄስ ጠጋ ብለው ዛሬስ ምነው ሳታነሺ ቀረሽ አሉኝ። ሁለት መቶ አርባ አንስቻለሁ። አሳየኋቸው። አክሊሉን ሲጭኑ የራሳቸውን እጅ አዩ፤ ደግ ነው ብለው ሄዱ።

ከዛሬ በኋላ የማይከፈትልኝ በር የለም ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ማታ ፎቶዎቹን ስመርጥ የሙሽራዋ እናት አፋቸውን ከፍተው እያዛጉ አገኘኋቸው። ድሮ ቢሆን ድምፁን ሲሰሙ ይሸፍኑ ነበር። አጠፋሁት።


ጥር 20፣ እሑድ

እግሬ አልቋል። ሳልረሳው ልጻፍ።

የፍቅርአዲስ ሰርግ። ዘንገና፣ ከአስፋልቱ ወርዶ ግማሽ ሰዓት በእግር። ሙሽራው ዓለምነው ዳንግላ አስተማሪ ነው፤ ወደዚያው ይዟት ይሄዳል።

ደርበው የዚያው አገር ልጅ ነው። መንገድ ላይ ስለ ሙሽራዋ አባት ነገረኝ። አቶ አየነው አስታራቂ ናቸው። ወሰን የተገፋ፣ ደም የተቃባ፣ ሁሉም የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ፈረሰኛም ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዘችው ፍቅርአዲስ ናት። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፣ ሰውም ሲያለቅሱ አይቷቸው አያውቅም፣ በሚስታቸው ቀብር ጊዜ እንኳ አለኝ።

ቀኑ ጥሩ ነበር። ብርሃኑ ለስላሳ፤ ደመናው ስስ። ዘፈኑ ሁሉ በአዊኛ። እኔ ከቢቸና መጥቼ እዚህ ስምንት ዓመት ኖሬ ሰላምታ እንኳ በወጉ አልችልም። ቃሉን ስለማላውቅ ፊት ፊታቸውን አያለሁ።

ስንብቱ ላይ ፍቅርአዲስ ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች። በቀኝ እጃቸው ራሷን ነክተው መረቁ። አጭር ነበር። ፊታቸው አልተለወጠም። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው በቤቱ ጎን ዞረው ሄዱ። እሷ ወደ ሚኒባሱ ስትወሰድ ሦስት ጊዜ ዞራ አየች። አልተመለሱም። ሦስተኛውን አንስቼዋለሁ።

ባትሪ አለቀ። ሰዉ እየጨፈረ ይጋፋል፤ ጓሮ ዞሬ ልቀይር አልኩ።

ከቀርከሃው አጥር ወዲያ አቶ አየነው ቆመዋል። ግንባራቸውን የፈረሱ አንገት ላይ ደግፈዋል። በሁለት እጃቸው ጋማውን ይዘዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አፋቸው ክፍት ነው፣ ግን ድምፅ የለም።

ባትሪውን መቼ እንደቀየርኩ አላስታውስም። አሥራ አንድ አነሳሁ። ፈረሱ ጆሮውን ወደ እኔ አቀና። እሳቸው አልሰሙም። ከተክሊሉ ቀን ጀምሮ ድምፁን መልሼ አልከፈትኩትም ነበር።

በመጣሁበት ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ሌላው ሰው መሐል ገብቼ ጭፈራ አነሳሁ።


ጥር 21፣ ሰኞ

ከአሥራ አንዱ ሰባተኛዋ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ስምንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ አንስቼ አላውቅም። ደርበው ኮምፒውተሩ ፊት ቆሞ ብዙ ጊዜ አየና በአንገቱ ዞሮ አየኝ። እሱ ዝም ካለ…


ጥር 23፣ ረቡዕ

የፈረሰኞች በዓል። ከተማው በፈረስ ተሞልቶ ዋለ። አቶ አየነውን አየኋቸው፤ ያው ፈረስ፣ ያጌጠ ኮርቻ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ። ሲጋልቡ ሰዉ መንገድ ይለቅላቸዋል። አነሳኋቸው። ጥሩ ፎቶ ነው። እንደ ማንም ፈረሰኛ።

እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው እያልኩ ከኋላቸው ሳያቸው ቆየሁ። ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ?


ጥር 28፣ ሰኞ

ሰባተኛዋን በትልቁ አሳተምናት። ፍሬም አስገባሁላትና በሩ አጠገብ ወደ መንገድ በሚያሳየው መስታወት ላይ ሰቀልኳት። ባሕር ዳር ለሚዘጋጀው የፎቶ ዐውደ ርዕይም ላክሁ፤ ደርበው ነው ማስታወቂያውን ያመጣው።

ደርበው አንዴ ብቻ፣ ለአቶ አየነው አይነገራቸውም እንዴ አለ። ምን ሊነገራቸው፣ የሚያስከፋ ነገር የለውም አልኩት። ቆንጆ ነው እኮ።


የካቲት 3፣ ቅዳሜ

ገበያ ውሎ የሚመለስ ሁሉ መስታወቱ ፊት ይቆማል። አንዳንዱ አህያውን ትቶ። ሁለት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ሦስት ጎልማሶች ግን በአዊኛ እያወሩ ሳቁ። ምን እንዳሉ ደርበውን ጠየቅሁት። ዝም ብለው ነው አለኝ። ደርበው መዋሸት አይችልበትም።


የካቲት 9፣ ዓርብ

ከባሕር ዳር ተደወለ። ተመርጣለች! መግቢያው ላይ፣ ሰው ገና ሲገባ በሚያያት ቦታ ትሰቀላለች አለችኝ አዘጋጇ። ስሜን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፣ እህተማርያም በየትኛው "ህ" እንደሚጻፍ።

ቢቸና ለእናቴ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሰማች። ብቻ ደስ ብሏታል።


የካቲት 14፣ ረቡዕ

ዛሬ ፍቅርአዲስ መጣች። ከዳንግላ፣ ለብቻዋ።

ደጅ ቆማ ስታይ አየኋት። አላወቅኋትም፤ በሰርጓ ቀን ያየኋት እንደ ሙሽራ ነው። ገብታ ተቀመጪ ብላት አልቀመጥም አለች። ቆማ ነው የነገረችኝ።

አባቷ ገበያ መውጣት ትተዋል። ሁለት ሰዎች በወሰን ተጣልተው እሳቸው ፊት ቀርበው ነበር አሉ። ፍርዱ ያልጣመው አንዱ ተነስቶ፣ ሴት ልጁን ድሮ ፈረስ አቅፎ ያለቀሰ ሰው ነው እኔን የሚዳኘኝ ብሎ በሽማግሌዎች መሐል ተናገረ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ተነስተው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽምግልና ሲጠሩ አሞኛል ይላሉ። እሷ ይህን የሰማችው ከጎረቤት ነው፤ ፎቶውን ግን እስከ ዛሬ አላየችም ነበር።

ወዲያው አወረድኩት። ላስረክባት ስል ተቀበለችና አየችው። ቆማ አየችው። ከዚያ ጉርድ የምናነሳበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የቁጣዋ ፊት ጠፋ።

"ጠልቶኝ መስሎኝ ነበር" አለች።

ምን? አልኳት።

"ስወጣ ጀርባውን ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁት። ከላዩ ላይ በመውረዴ ደስ ብሎት ነው ብዬ… እስከ ዛሬ እንደዚያ ነበር የማስበው።"

ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔ የማደርገው አጥቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ስትነሳ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። ትልቁ ወደ መስታወቱ አይመለስ፤ ለእሷ ትንሽ አንድ ይታተምላት። አባቷ እንዳያውቁ አለች። አተምኩላት። መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስገብታ ሄደች።


የካቲት 15፣ ሐሙስ

ያው ፎቶ አባትየውን ከሰው አውጥቷል፤ ልጅቱን ደግሞ ወደ አባቷ መልሷል። የቱን ልያዝ?

ደርበው የሰዉ ድንቁርና ነው አለ። ፎቶው ክብራቸውን ነው የሚያሳየው፣ ሌላ አገር ቢሆን… እያለ ቀጠለ። ክብራቸው ምን እንደሆነ የምንወስነው እኔና አንተ ነን ወይ አልኩት። እኔም ያኔ ይነገራቸው ብዬ ነበር አለ። ብሏል። አንዴ ብሏል፤ አልሰማሁትም።

እሑድ እሄዳለሁ። አብሬሽ ልሂድ አለኝ፣ በቋንቋቸው ላናግራቸው። አይሆንም አልኩ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።


የካቲት 17፣ ቅዳሜ

ነገ አጥፊው ቢሉኝስ?

አሥራ አንዱንም ፍላሽ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ። ለመጠባበቂያ ነው አልኩ ለራሴ። ለማን መጠባበቂያ?


የካቲት 18፣ እሑድ

ሄጄ መጣሁ። ሁሉንም ልጻፍ፤ የተባለውን እንደተባለ።

ደጃቸው ተቀምጠው የኮርቻ ጠፍር ይሰፋሉ። ከሩቅ አይተውኛል፤ ቀና አላሉም። እንዴት ዋሉ አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ፎቶ አንሺዋ ነሽ አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። መደቡ ላይ አጎዛ ዘረጉልኝ። ለቆመ እንግዳ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? እኔ ግን ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት አልኩ። ትልቁን ፎቶ በነጠላ ጠቅልዬ ይዤው ነበር፤ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። አልከፈቱትም። ከመስታወቱ መውረዱን፣ ባሕር ዳር መላኩንም ነገርኳቸው። መርፌያቸውን ጠፍሩ ላይ ሰኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

"የት ነበርሽ ያኔ?"

ከአጥሩ ወዲህ፣ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው አልኩ።

"አሥር እርምጃ። ካሜራሽ አይጮህም?"

"ድምፁን አጥፍቼው ነበር።"

"ለምን?"

ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ልል አፌን ከፈትኩ። እውነት ነው፣ ግን የዚያን ቀን እውነት አይደለም። የዚያን ቀን አስቤ ብከፍተው ይከፈት ነበር። ሰው ድምፁን ሲሰማ ፊቱን ያስተካክላል፣ ሳያስተካክሉ ላገኝዎት ፈልጌ ነው አልኳቸው። ስናገረው አስቀያሚ መሆኑን ሰማሁት።

ከዚያ በቀስታ ተናገሩ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው።

"እናቷ የሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ ዓይኔን ያይ ነበር። ያለቅሳል አያለቅስም እያለ። አላለቀስኩም። ሰው ሲያየኝ አልችልም። አራት ዓመት ይዤው ዞርኩ። ያን ቀን ማንም የማያየኝ ቦታ ሄድኩ ብዬ ነበር።"

ዓይኔን እግራቸው ሥር ወዳለው ጥቅል አወረድኩ።

ከዚያ እስኪ ልየው አሉ። ለካ አላዩትም። አገር ያወራበትን ፎቶ ባለቤቱ አላየውም። በነጠላ የጠቀለልኩትን ልፈታ ስል አይ፣ ከካሜራው አሉ። ከፍቼ ሰባተኛዋን አቀረብኩላቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው እንደ ደብዳቤ አነበቡት። የጠበቅሁት ሌላ ነበር።

"ፈረሱ አይቶሽ ነበር" አሉ።

አዎ አልኩ። አይቶኛል።

ሌላ ዘንድ አለ ወይ አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ ባሕር ዳርም ነገ አስቀራለሁ አልኩ። ፍቅርአዲስ እንዳያውቅብኝ ብላለች። መዋሸት እችል ነበር። ግን እንደገና እሳቸው የማያውቁት ነገር ይዤ ከዚያ ደጅ ልወጣ? አንድ ፍቅርአዲስ ዘንድ አለ አልኩ።

"አየችው?"

"አየችው።"

ጠፍሩን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። "ምን አለች?"

"ጠልቶኝ መስሎኝ ነበር አለች። ጀርባዎን ስለሰጧት።"

ተነሱ። ወደ ጓሮ ሄዱ። እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። አልተከተልኩም፤ ወደዚያም አላየሁም፤ የመደቡን ጭቃ ነው ያየሁት። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ። ሲመለሱ ፊታቸውን ታጥበዋል።

የእሷ ይቀመጥ፣ ሌላው ይጥፋ አሉ።

ካሜራውን ሰጥቼ የሚጫኑትን አሳየኋቸው። አውራ ጣታቸው ቁልፉን ሸፈነው። ትንሽ ያዙትና መለሱልኝ፤ አንቺው አጥፊው አሉ። አንድ በአንድ አሥራ አንዱንም አጠፋሁ። እያንዳንዱ ላይ ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል። ትልቁንም ከፍሬሙ አውጥተው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ፍሬሙን መለሱልኝ።

ስሰናበት እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙኝ።


የካቲት 19፣ ሰኞ

ባሕር ዳር ደወልኩ። ፎቶዋን አውጪልኝ አልኳት። አዘጋጇ ደነገጠች። የጥሪ ካርዱ ላይ ታትማለች፣ ለምን ብላ ጠየቀች። ባለቤቱ አልፈቀደም አልኳት።

"ባለቤቷ አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

በዚያች ፎቶ ፋንታ የፈረስ በዓሉን ልላክ አልኳት፣ አልፈለጉትም።

ከኮምፒውተሩም አጠፋን። ደርበው ለመጨረሻ ጊዜ አያትና ተነስቶ ወጣ። እስከ ምሳ አልተመለሰም።


የካቲት 20፣ ማክሰኞ

ፍላሽ ዲስኩ አልጠፋም።

መሳቢያ ውስጥ ነው። ለአቶ አየነው ሁሉም ይጠፋል ብያለሁ፤ ስለዚህ ዋሽቻለሁ። ፍቅርአዲስ ትጠፋባት ይሆናል፣ አንድ ቀን ትፈልገው ይሆናል እላለሁ። ውሸት ነው። የምፈልገው እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ እንደዚህ ያለ ባላነሳስ?


መጋቢት 2፣ እሑድ

ከፍቼ አየኋት። ሁለት ጊዜ።


መጋቢት 28፣ ስቅለት

ከስግደት መጥቼ ከፈትኩት። ሰባተኛዋን ለማየት ነበር። ዘጠነኛዋ ላይ ቆምኩ። ከዚህ በፊት አልፌያት ነበር፤ ደብዛዛ ናት። ከፈረሱ አንገት ቀና ብለው ወደ ቤቱ በኩል የሚያዩ ይመስላሉ። ሰው እንዳያያቸው። እኔ በሌላው በኩል ነኝ።

ያንን ዓይን አየሁና ሁሉንም አጠፋሁ። ባዶ መሆኑን ከፍቼ አረጋገጥኩ።

ጉልበቴ ያመኛል።


ግንቦት 12፣ እሑድ

ግምጃ ቤት ከተማ ሰርግ ነበር። ይህ አሁን ልማዴ ሆኗል፦ ሥራ ሳልጀምር ቤተሰቡን ሰብስቤ ካሜራዬ ድምፅ የለውም፣ ሳነሳችሁ አትሰሙም፣ ማየት የማትፈልጉት ካለ አሁን ንገሩኝ እላለሁ። የሚስቅ አለ። ዛሬ አንዲት አክስት ጥርሴን እንዳታነሺ አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ግን ጠጋ ብለው ወንድማቸው ከሞተ ወር እንዳልሞላው፣ ሲጨፍሩ እንዳይታዩ ለመኑኝ። እኔ ከየት አውቄው ነበር?

ሲደክማቸው ደግሞ ተቀምጠን በትንሿ ስክሪን አሳያቸዋለሁ። ይሄ ይጥፋ ይላሉ፣ ይጠፋል። አንዳንዴ የሚያስጠፉት ጥሩ ጥሩውን ነው። ያንገበግበኛል። አጠፋለሁ።

ደርበው ሥራው ይዘገያል ይላል። ይዘገያል።


ግንቦት 25፣ ቅዳሜ

ፍቅርአዲስ ደወለች። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳንግላ መጥተው ነበር። ከመናኸሪያ በጋሪ። ሦስት ቀን ተቀመጡ፤ ብዙም አላወሩ። የጓሮ አጥሯ ዘሞ ነበርና ነቅለው እንደ አዲስ ሠሩላት። ሲሄዱ እስከ መናኸሪያ ሸኘቻቸው። ሚኒባሱ እስኪነሳ በመስኮቱ ሲያዩኝ ነበር አለች።


ሰኔ 30፣ ቅዳሜ

ደርበው ከዘንገና ሲመጣ ወሬ ይዞ ነበር። ያ በሽማግሌዎች ፊት የተናገራቸው ሰው ራሱ እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅር በሉኝ ብሏል፤ በወሰኑ እንደገና ተጣልቷል። አቶ አየነው ተነስተው ሄደው ዳኙ። ለማን ፈረዱ አልኩት። ለእሱ አለኝ፤ ሐቁ የእሱ ስለነበር።


ኅዳር 8 ቀን 2011፣ ቅዳሜ

ሴት ልጅ። ከትናንት በስቲያ ተወለደች። ፍቅርአዲስ ደህና ናት። የክርስትናው ቀን አንቺ ነሽ የምታነሺን ብላኛለች።

አባትሽ ያውቃሉ ወይ አልኳት። አንቺን ጥሪ ያለኝ እሱ ነው አለች።


ጥር 26፣ እሑድ

ዳንግላ። ክርስትና።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ዳስ ውስጥ ነን። ሰው ሞልቷል፤ የሁለቱም ወገን፣ የዓለምነው የሥራ ባልደረቦች፣ ከዘንገና የመጡ ሽማግሌዎች። አቶ አየነው መሐል ተቀምጠው ነበር። ሕፃኗን ማን እንዳቀበላቸው አላየሁም። ፍቅርአዲስ አጠገባቸው ነበረች። ልጅቷ አፏን ስታላምጥ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ሲያዩ… እንባቸው ወረደ። እዚያው፣ በሰው ሁሉ ፊት። ፊታቸውን አላዞሩም። ጋቢያቸውንም አላነሱም። ፍቅርአዲስ ክንዳቸውን ያዘች።

ካሜራው ዓይኔ ላይ ነበር። ብርሃኑ ከዳሱ ቀዳዳ በሕፃኗ ግንባር ላይ። ካሜራዋ ዓይናቸውን ይዛዋለች፤ ዓይን የምትከተልበት አራት ማዕዘን አልላቀቀም። ጣቴ ቁልፉ ላይ።

አወረድኩት። በዓይኔ ጠየቅኋቸው። አዩኝ። ራሳቸውን ትንሽ ነቀነቁ፤ አይሆንም።

ካሜራውን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ዓይን ብቻ አየሁ። ሽማግሌዎቹ አንዱም አልሳቀም። አንደኛው አቶ አየነው ጎን ያለውን ብርጭቆ አንስቶ እንዳይደፋ ራቅ አድርጎ አስቀመጠ፤ ያን ብቻ።

ከምሳ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ጠሩኝ። ከልጅ ልጃቸው ጋር ቀጥ ብለው ተቀምጠው አንሺን አሉ። አነሳኋቸው።


የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ፍቅርአዲስ አልበሙን ልትወስድ መጣች፤ ሕፃኗን አዝላ። ገጽ በገጽ ገለጠች። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዳሱ፣ አማቶቿ፣ አባቷ ቀጥ ብለው ከልጅቷ ጋር። ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። የምትፈልገውን ገባኝ።

አባቴ ያለቀሰበት የለም ወይ አለች።

አይሆንም አሉኝ፣ አላነሳሁም አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

አልበሙን ዘጋች። "ግድ የለም" አለች፤ "አጠገቡ ነበርኩ።"